የሚከፈት፣ መልሶም የሚዘጋ ገመድ፦ ለፈትል ፍልቀቃ ሥራ የቱን እንምረጥ? እንዴትስ እናዘጋጀው?

በሹሩባ ጉንጉን አንዱ ገመድ በሌላው ላይ ወይም ሥር ያልፋል። ፈትል ፍልቀቃ በሚባለው የእጅ ሥራ ግን አንዱ የሌላውን ልብ ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ገመዱ አራት ፈትል ካለው ሁለቱን ወደ ላይ፣ ሁለቱን ወደ ታች ፈልቅቀን በተከፈተው ቀዳዳ ሌላ ገመድ እንጎትታለን። ስንለቀው የተፈለቀቀው ተመልሶ ይገጥማል፤ ያለፈውንም ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። ቋጠሮ የለም፣ ስፌት የለም፣ የሽመና ዕቃም አያስፈልግም። ሥራውን አንድ ላይ የሚይዘው የገመዱ የራሱ ክረት ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ገመድ ሲመርጥ በቀለሙ ይጀምራል። ቀጥሎ «ጥጥ ነው ወይስ ናይሎን?» ይላል። እኔ ሁለቱንም ወደ ኋላ አቆያቸዋለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው ገመዱ ይከፈታል ወይ፣ ከተከፈተስ ይዘጋል ወይ የሚለውን ነው። የማይከፈት ገመድ ጣት ያቆስላል። ተከፍቶ የማይዘጋው ደግሞ ይባስ ብሎ ሥራው ካለቀ በኋላ ነው ጉዱን የሚያሳየው።

ከመቀጠላችን በፊት ሦስት ቃላት ላይ እንስማማ። «ክር» የምለው ከድውሩ ላይ የምንስበውን ቀጭኑን ነው። ብዙ ክር አንድ ላይ ሲከር «ፈትል» ይሆናል። ፈትሎች በተቃራኒ አቅጣጫ አንድ ላይ ሲገመዱ «ገመድ» ይሆናሉ። መሣሪያውን ወስፌ እለዋለሁ፤ ለዚህ ሥራ የሚመቸው ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ የሚጎተተውን ገመድ ጫፍ በመንጋጋው የሚነክስ ዓይነት ነው።

ሙያው በሰሜን ምዕራብ ሕንድ፣ በራጃስታንና በጉጃራት ሥር የሰደደ ነው። በዚያ የግመል ኮርቻን ከሆድ ጋር የሚያስሩት ሰፋፊ መቀነቶች በዚህ መንገድ ከፍየል ጠጉርና ከጥጥ ገመድ ይሠሩ ነበር። እንግሊዛዊው ሸማኔ ፒተር ኮሊንግዉድ ስልቶቹን አጥንቶ ዓይነት በዓይነት ለይቶ እ.ኤ.አ. በ1998 ሰፊ መጽሐፍ አሳትሟል። ከዚያ ወዲህ ቅርጫት፣ የአንገት ጌጥና ሳህን መሰል ነገር የሚሠሩበት ሰዎች በየአገሩ በዝተዋል። ከግመል መቀነት የምንወስደው ትልቅ ትምህርት አለ፤ ገመዱ ጠንካራ፣ ከረር ያለና ባለ አራት ፈትል ነው። እንስሳው ሲተነፍስና ሲራመድ የሚፈታ ገመድ ጭነት አያስቀምጥም።

የተገዛ ወይስ ራሳችሁ የገመዳችሁት?

ሱቅ ውስጥ ገመድ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በሹሩባ መልክ የተጎነጎነው ፈትል ስለሌለው የሚፈለቀቅ ነገር የለውም፤ እሱን ከመጀመሪያው እርሱት። ለማክራሜ (ገመድ እየቋጠሩ ለሚሠሩት ጌጥ) ከሚሸጡት ውስጥ ልቅ ያለው ነጠላ ዓይነት እንደ ገመድ አያገለግልም፤ እንደ ክር ተቆጥሮ ከእሱ ፈትል ማክረር ግን ይቻላል። የተገመደው የማክራሜ ገመድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ፈትል ሆኖ ልል ነው። ባለ አራት ፈትል የጥጥ ገመድ ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ።

እኔ አንድ ጊዜ በፎቶ አይቼ 30 ሜትር ነጭ ገመድ አዘዝኩ። ፈትሎቹ ከላይ ጥርት ብለው ይታያሉ። ወስፌውን ስሰካ ግን መሃሉ ላይ የሆነ ልፍስፍስ ነገር ያዘኝ፤ ለካ ፈትሎቹ የለበሱት የጥጥ ልብ ኖሯል። ያ ልብ አንዴ ከላይኞቹ ፈትሎች ጋር፣ አንዴ ከታችኞቹ ጋር እየሄደ ነጭ ምላሱን በየቀዳዳው ያወጣ ጀመር። ሦስት ረድፍ ሠርቼ ተውኩት። ገመዱም የስጦታ ዕቃ ማሰሪያ ሆኖ አለቀ።

ስለዚህ ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ክንድ የሚያህል ቁራጭ በእጃችሁ አድርጉ። በሁለት እጅ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት፣ አራት ጣት ያህል አራርቃችሁ ያዙት። ከክረቱ በተቃራኒ እያሽከረከራችሁ እጆቻችሁን በትንሹ አቀራርቡ። ደህና ገመድ ፈትሎቹን ለያይቶ እንደ ፋኖስ ሆዱን ይነፋል፤ ያኔ መቁጠር ትችላላችሁ። ልብ ካለውም የሚጋለጠው እዚሁ ላይ ነው። ከዚያ ልቀቁት። በአንድ ጊዜ ተመልሶ ከገጠመ ይሆናል። ልክ እንደ ደከመ ላስቲክ ክፍቱን ከቀረ ግን ለሌላ ነገር ይሁን። በመጨረሻ ወስፌውን በአንድ ቦታ አምስት ጊዜ አስገብታችሁ አውጡ። ጫፉ ፈትሉን ራሱን እየወጋ ክር የሚመዝዝ ከሆነ ፈትሉ ልል ነው፤ መቶ ጊዜ ስትፈለቅቁት መልኩ ምን እንደሚሆን ከወዲሁ ይታያችኋል።

የተገዛ ገመድ ጊዜ ይቆጥባል፤ ወጥ ነው፤ ለመጀመሪያ ልምምድ በቂ ነው። በቤት የተገመደው ግን ቀለሙን፣ ውፍረቱንና ክረቱን ሁሉ እናንተ ትወስናላችሁ። ሁለት ሦስት ሥራ ከሠራችሁ በኋላ ወደ ራሳችሁ ገመድ መሄዳችሁ ስለማይቀር፣ ጠንከር ያለ ፍላጎት ያለው ሰው ከጅምሩ መግመድን ቢለማመድ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ስንት ፈትል?

መልሱ አራት ነው። አራት ሲሆን ሁለት ለሁለት እኩል ይከፈላል፤ ከፊትም ከኋላም ገጹ አንድ ዓይነት ይሆናል። ባለ ሦስት ፈትል ሲፈለቀቅ አንዱ ወገን ሁለት፣ ሌላው አንድ ይዞ ይቀራል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ሁልጊዜ ሁለቱን ወደ ፊት ካደረጋችሁ ፊቱ ያምራል፣ ጀርባው ግን ይሳሳል። ጀርባው ለማይታይ ነገር ግድ የለም። ባለ ሁለት ፈትል ለመቁጠር ቀላል ቢሆንም አንዷ ፈትል ብቻዋን የምትሸከመው ብዙ ነው። ባለ ስድስት ሦስት ለሦስት ይከፈላል፤ ዳሩ ግን በየቀዳዳው ስድስት መቁጠር ትዕግሥት ይፈታተናል።

አራት የሚመረጥበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ቀለም። ሁለት ጥቁርና ሁለት ነጭ ፈትል ጎን ለጎን (ጥቁር፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ነጭ) ሆነው ከተገመዱ፣ ወስፌውን የምትሰኩበትን ቦታ በመምረጥ ብቻ ጥቁሩን ወይም ነጩን ጥንድ ወደ ፊት ማምጣት ይቻላል። ገመዱ ግማሽ ዙር በዞረ ቁጥር ቀለሙ ይገለበጣልና። እያፈራረቃችሁ (ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ) ከገመዳችሁት ግን የትም ብትሰኩ ከላይ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ነው የሚወጣው፤ ዥንጉርጉር እንጂ ጥለት አይሆንም። ልዩነቱ መንጠቆ ላይ ስትሰቅሉ በምትፈጽሙት የአንዲት ደቂቃ ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ስቶ አሥራ ስድስት ገመድ መገመድ በጣም ቀላል ነው።

ጥጥ፣ ተልባ እግር፣ ሱፍ፣ ሌላውም

ለጀማሪ ያለ ማመንታት ጥጥ እላለሁ፤ ያውም ለስላሳና ከረር ያለ፣ አንጸባራቂው የጥልፍ ጥጥ ዓይነት። አይሳብም፤ ስለዚህ የለካችሁት ርዝመት እንደተለካ ይቆያል። ገጹ ጸጉር ስለሌለው ፈትልና ፈትል አይጣበቁም። ሲለቀቅም ጥሩ አድርጎ ይገጥማል። ጉድለቱ በራሱ ቆሞ ለመቆየት አቅም ማጣቱ ነው፤ ከቀጭን የጥጥ ገመድ የተሠራ ረጅም ቅርጫት አፉን ወደ ውስጥ ያጎነብሳል።

እዚህ ላይ ነው ሊነን የሚባለው የተልባ እግር ክር የሚበልጠው። ደረቅ ነው፤ የያዘውን ቅርጽ አይለቅም፤ ጥለቱም እንደ ተቀረጸ ጥርት ብሎ ይወጣል። በአንጻሩ ለጣት ርኅራኄ የለውም። በደረቁ ሲሠራ ይሻክራል፣ ፈትሎቹም እምቢ ይላሉ። ጥጥ ላይ እጁ ያልተፈታ ሰው በተልባ እግር ባይጀምር እመርጣለሁ። ሄምፕ የሚባለው የተክል ቃጫም በብዙ ነገሩ ይመስለዋል። ሰም የተቀባ የተልባ እግር ክር ገመዱን የበለጠ ያጠነክራል፤ ለቅርጫት ግሩም ነው። ነገር ግን ሰሙ በየቀዳዳው ያንቃል፣ አቧራም ይሰበስባል።

ሱፍ ብዙዎችን ያታልላል። ድውሩን ሲዳስሱት ልብ ይማርካል፤ ቀለሙም ሞቅ ያለ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጸጉሩ አንዱን ፈትል ከሌላው ያያይዘዋል፤ ሁለት ለሁለት የለያችሁ መስሏችሁ ሩብ ፈትል ወደማይሆን ወገን ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ይሳባል። ተወጥሮ 1 ሜትር የነበረው ሲለቀቅ ይሸበሸባል፤ የረድፎቹ ጥብቀትም እንደ አጎታተታችሁ ይለያያል። ሱፍ ካማራችሁ ረጅም ጸጉር ካለው በግ የተፈተለ፣ ጠንከር ብሎ የከረረውን ፈልጉ፤ የሹራብ ሱፍን ለሹራብ ተዉት። የፍየል ጠጉር በተቃራኒው ጠንካራና ለስለስ ያለ አንሸራታች ስለሆነ ለመቀነት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ቆዳን ግን ይኮሰኩሳል።

ሐርና ሬዮን (ሐር መሰል ሰው ሠራሽ ክር) ለጌጥ ናቸው፤ ያንጸባርቃሉ፣ ወስፌውም እንደ ቅቤ ይገባል። ሬዮን ከባድና ተንሸራታች ስለሆነ ጫፉ ካልታሰረ በአንድ ትንፋሽ ይበተናል። ናይሎንና ፖሊስተር ብርቱ ናቸው፤ ለእጀታና ለማንጠልጠያ ይሆናሉ። ጫፋቸው በእሳት መቅለጡ ትልቅ ምቾት ነው። የሚያስቸግሩት ቀጥ ብሎ መተኛት ስለሚወዱ ነው፤ ክረታቸውን ለማራገፍ ሁልጊዜ ምክንያት ይፈልጋሉ።

ክረቱ ምን ያህል ይሁን?

ስለ ጥሬ ዕቃው ከተናገርኩት ሁሉ ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው ይህ ነው። ያው ጥጥ ልል ሆኖ ሲገመድ ሌላ፣ ከረር ሲል ሌላ ፍጥረት ነው።

ልል ገመድ ወስፌን አይከለክልም፤ ለዚህም ነው ጀማሪ የሚወደው። ግን ያለፈውን ገመድ አይጨብጥም፣ ፈትሎቹም ተጨፍልቀው የቱ የት እንዳለ አይለይም። ከመጠን በላይ የከረረው ደግሞ ትንሽ ስታላሉት እባብ ይመስል ይጠቀለላል፣ በራሱ ላይም ይቋጠራል፤ ለእያንዳንዱ ፍልቀቃ ክንዳችሁን ትከፍላላችሁ። የምትፈልጉት ከልል ይልቅ ወደ ከረረው ያዘነበለ መካከለኛ ነው፤ ምክንያቱም ሲፈለቀቅና ሲጎተት ገመዱ ጥቂት ክረት ያጣል።

በዓይን ለመገመት አንድ ቀላል መለኪያ አለኝ። አራት ማዕዘን እኩል የሆነ ወረቀት በማዕዘኑ አጥፉት፤ የታጠፈው ጠርዝ 45 ዲግሪ ይሰጣችኋል። ቀጥ ያለውን ጠርዝ ከገመዱ ርዝመት ጋር አስተካክላችሁ ስታስቀምጡ የፈትሎቹ ዘንበልታ ከታጠፈው ጠርዝ ጋር ተቀራራቢ ከሆነ ክረቱ ደህና ነው። ፈትሎቹ ከወረቀቱ ይልቅ ወደ ገመዱ ርዝመት ተኝተው ከታዩ ይቀረዋል። ሌላው ፈተና ሚዛኑን ያሳያል፤ 1 ሜትር ገመድ ሁለት ጫፉን አንድ ላይ ይዛችሁ መሃሉን ወደ ታች ልቀቁት። ቀለበቱ ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ፈትሉና ገመዱ ተመጣጥነዋል። አንድ ሁለት ዙር ቢዞርም አይከፋም። ተጠምጥሞ ሌላ ገመድ ለመሆን ከሞከረ ግን ወይ ፈትሎቹ ከመጠን በላይ ከረዋል ወይ ገመዱ አልደረሰም።

ክረት ከመጠኑ ሌላ አቅጣጫም አለው። ገመዱን ፊት ለፊታችሁ በቁመቱ ቀጥ አድርጋችሁ ስታዩት ፈትሎቹ ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ ከወጡ የዜድ ክረት ይባላል፤ ከቀኝ ታች ወደ ግራ ላይ ከወጡ የኤስ ክረት ነው። ሁሉም ገመድ አንድ አቅጣጫ ከሆነ ገጹ ወጥ ዘንበልታ ይኖረዋል፤ አንዳንዴም ሥራው ወደ አንድ ወገን የመዞር ዝንባሌ ያሳያል። ኤስና ዜድ ጎን ለጎን ሲሆኑ ልክ እንደ ሹራብ ዓይን ቀስት ቀስት እየሆነ ይታያል፣ መዞሩንም አንዱ የሌላውን ይገታል። ለመጀመሪያ ሥራ ሁሉንም አንድ አቅጣጫ አድርጉ። እጅ የመፈልቀቅ ልማድ የሚይዘው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ሁለቱን ሲያቀላቅሉ አንዱን ለማላላት ስትሞክሩ የባሰ ታከሩታላችሁ።

የክሩን የራሱን ክረትም ተመልከቱ። ፈትሉን ከክሩ ክረት በተቃራኒ ካከረራችሁት ክሩ መጀመሪያ ትንሽ ይላላና ለስላሳ ገመድ ይወጣል። በዚያው አቅጣጫ ከጨመራችሁበት ግን ክሩ የባሰ ይከራል፤ ሽቦ መሰል፣ ቅርጽ የሚይዝ፣ ግን ለመጠቅለል የቸኮለ ገመድ ይሆናል። ለቅርጫት ሁለተኛውን፣ አንገት ላይ ለሚውለው የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ውፍረት

ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ለእጅም ለዓይንም ይመቻል። 2 ሚሊሜትር ለጌጥ ያምራል፤ ሆኖም ጥሩ ብርሃንና ቀጭን ወስፌ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚስተው ሂሳብ አለ። በየፈትሉ 4 ክር፣ በጠቅላላው 16 ክር ያለው ገመድ 3 ሚሊሜትር ቢወጣላችሁ፣ 6 ሚሊሜትር ለማግኘት 32 ክር አይበቃም፤ 64 ያስፈልጋል። ክሩን እጥፍ ስታደርጉ ውፍረቱ የሚያድገው 1.4 ጊዜ ያህል ብቻ ነውና። ክር አልቆባችሁ መሃል መንገድ ላይ እንዳትቀሩ አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል። የተለያዩ ቀለሞች ከተለያየ ድውር ሲመጡም ውፍረታቸው ይለያያል፤ ከየቀለሙ አጭር ገመድ ሠርታችሁ ማስመሪያ ላይ ተጠግተው እንዲጠመጠሙ አድርጉና በ3 ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ዙር እንደገባ ቁጠሩ። ቁጥሩ ካልተቀራረበ ለቀጭኑ ቀለም በየፈትሉ አንድ ክር ጨምሩለት።

መግመድና ማዘጋጀት

አራት ዟሪ መንጠቆ ያለው የገመድ መግመጃ ካላችሁ አራቱም ፈትል እኩል ይከራል፤ ዋናው ጥቅሙ እሱ ነው። ከሌለ ጫፉ ላይ መንጠቆ የተገጠመለት የእጅ ድሪል ይበቃል፤ አራቱን ፈትል አንድ በአንድ፣ ዙሩን ቆጥራችሁ፣ በእኩል ቁጥር ታከራላችሁ። አንድ ረጅም ፈትል አክርሮ ሁለት ጊዜ ማጠፍ አቋራጭ ይመስላል። አይደለም። የሚወጣው የሁለት ገመድ ገመድ ነው፤ ሲፈለቀቅ አራት ሳይሆን ሁለት ወፋፍራም ፈትል ነው የሚሰጣችሁ።

ርዝመቱን እንዲህ እቀምረዋለሁ። 40 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው መቀነት ቢፈለግ፣ ገመዶቹ 45 ዲግሪ ገደማ ሰያፍ ስለሚሄዱ እያንዳንዱ ቢያንስ 57 ሴንቲሜትር ይጓዛል። ሲሰነጥቅና ሲሰነጠቅ የሚበላው አለ፤ ወደ 70 ላድርሰው። ለአያያዝ በየጫፉ 15 ስጨምር 100 ሴንቲሜትር ገመድ ይሆናል። መገመድ ራሱ ወደ ሲሶ የሚጠጋ ርዝመት ስለሚበላ ክሩን 150 አድርጌ እቆርጣለሁ። የናንተ ክረት ከኔ ሊለይ ይችላል፤ አንዱን ገምዳችሁ ለኩና ቁጥሩን ለራሳችሁ አስተካክሉት።

አራቱ ፈትሎች ከከረሩ በኋላ ቀዳዳቸውን ተራራቅ አድርጋችሁ በበሳችሁት ካርቶን በአራት ቀዳዳ ይለፉ። ተቃራኒ ጫፋቸው አንድ ላይ ሆኖ ይሽከረከራል፤ ገመዱ ከዚያ ይጀምርና ካርቶኑን እየገፋ ይመጣል። ካርቶኑ ከሮጠባችሁ ገመዱ ይላላል፣ አጥብቃችሁ ስትይዙት ይከራል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ገመዶች ስለማይመሳሰሉ ለሙከራ ይሁኑ። ለአንድ ሥራ የሚውሉትን ሁሉ ደግሞ በአንድ ቀን ገምዱ። እኔ በሦስት ምሽት ከፋፍዬ የገመድኳቸው አንድ ቅርጫት ወደ ጎን እንዲያዘነብል አድርገዋል፤ የደከመኝ ምሽት ገመዶች ልል ስለነበሩ ባሉበት ወገን ግድግዳው አጭር ሆነ። ሁለት መጠባበቂያ ገመድም አብራችሁ ገምዱ፤ በኋላ የሚገመደው መቼም አይመስልም።

ትኩስ ገመድ ወዲያው ወደ ሥራ አይገባም። ክብደት አንጠልጥላችሁበት ወይም በሁለት ሚስማር መካከል ወጥራችሁ ይደር። ጥጥና የተልባ እግርን ከመወጠራችሁ በፊት በውኃ ብታርሷቸው ክረቱ ይረጋል፤ ሊያጥር ያለውም ከወዲሁ ያጥራል። ደማቅ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ካለ ደግሞ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ጠምጥማችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ጨርቁ ከቀላ ክሩ ሳይታጠብ ከነጭ ጋር አይገመድም።

የቀረው ጫፉ ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት በቀጭን ክር ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙት፤ ቆርጦ ማሰር ዘግይቶ ነው። ፕላስተር ለቋሚው ጫፍ ይበቃል፤ በየቀዳዳው ለሚያልፈው ግን ጠርዙ እየያዘ ስለሚላጥ ኮላ ይሻላል። 3 ሴንቲሜትር ያህሉን ነጭ ኮላ ውስጥ ነክራችሁ በጣታችሁ ወደ ክረቱ አቅጣጫ እያሽከረከራችሁ አሹሉትና አንጠልጥሉት። ሲደርቅ በሰያፍ ቆርጣችሁ ወደ ወስፌው መንጋጋ አስገቡት።